እንደ ወትሮው ሥሩ

መርፌው የጽዳት ሠራተኛችንን የወጋቸው ሐሙስ ጠዋት ነው። በዚያ ሰዓት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እየሞላሁ ነበር። «የሕክምና ቆሻሻ አያያዝ» ከሚለው ፊት ለፊት «ደረጃውን የጠበቀ» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው ረድፍ ሳልፍ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነበሩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ ድምፅ የማያሰሙ ሴት። የግራ አውራ ጣታቸውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠው፣ «ፕላስተር ይኖርሽ ይሆን?» አሉኝ።

ምን ሆነው ነው ስላቸው መርፌ ነካኝ አሉ። ነካኝ እንጂ ወጋኝ አላሉም። ጣታቸውን ሲለቁት ጓንቱ ላይ ከምስር የማትበልጥ የደም ነጥብ አየሁ። መርፌው ከመርፌ ክፍሉ፣ ያገለገለ መርፌ ከሚጣልበት የካርቶን ሳጥን የወጣ ነው። በማን ገላ ላይ እንዳለፈ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የፊተኛው ቀን ገበያ ስለነበር ከየገጠሩ የመጣ ሰው ሲወጋ ነው የዋለው። ጓንቱን አውልቄ እጃቸውን ቧንቧ ሥር በሳሙና አጠብኩላቸው። እሳቸው ምንም አይደል፣ ምንም አይደል ይሉኝ ነበር። የማዋለጃ ክፍሉን ወለል ገና አልወለወልኩትም ብለው መጨነቃቸው ትዝ ይለኛል።

ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ባጃጅ ወደ ትንሿ ከተማችን መግባት የጀመረበት ሰሞን። ጤና ጣቢያው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። እኔ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የውሃው፣ የመጸዳጃ ቤቱ፣ የቆሻሻውና የማቃጠያው ነገር ሁሉ የሚጠየቀው ከእኔ ነው። እትዬን ይዤ አስፋልቱ ላይ ወጣሁና ሚኒባስ አስቁሜ ወደ ዳንግላ ወሰድኳቸው። ሆስፒታል ያገኘችን ነርስ ረጋ ብላ ነገረችን። የመከላከያ መድኃኒቱ ቶሎ ከተጀመረ የኤች አይ ቪ አደጋው በጣም ይቀንሳል፤ አንድ ወር ሙሉ ሳያቋርጡ በየቀኑ መዋጥ ነው፤ ከዚያ በስድስት ሳምንትና በሦስት ወር ለምርመራ ደም መስጠት። እትዬ ሁሉንም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ጥያቄ አለዎት ስትላቸው የለኝም አሉ።

ጥያቄ የነበራቸው ለእኔ ነው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ባለቤታቸው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጡ ከሰል የሚያከስሉ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲንኳኳ ጎረቤት ምን እንደሆነ ያውቀዋል አሉኝ። ማን ነው መርፌ ነው ብሎ የሚያምነኝ? አሉ። መሳቢያዬ ውስጥ እንዳስቀምጥላቸው፣ እሳቸውም በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው እንዲውጡ ተስማማን።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ስለ አደጋው ለወረዳው ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። «የአደጋው ምክንያት» የሚል ቦታ ነበረ። ብዙም አላሰብኩ። «የሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት፣ ሄደ። የደብዳቤውን ቅጂ ፋይል አድርጌ መሳቢያዬን ስከፍት የእትዬ ጠርሙስ ተንከባሎ ድምፅ አሰማ። መቀመጥ ያቃተኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ይመጣሉ። ክኒኑን በውሃ ይውጣሉ፣ ራሳቸውን ስለሚያዞራቸው ወንበሩን ይዘው ትንሽ ይቆማሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይወጣሉ። እሳቸው እንደወጡ እኔም እወጣለሁ። ወደ ማቃጠያው እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። መርፌ ክፍል በር ላይ ቆሜ ሳጥኑን አያለሁ። ሥራ አለ ተብዬ ስጠራ የመጣሁበትን እረሳለሁ። መርፌ የሚወጋው ነርስ፣ ዝምተኛ ወጣት፣ ምን ፈልገሽ ነው ሲለኝ ምንም እለዋለሁ። እትዬንም እንዴት እንደወጋዎት ይንገሩኝ እያልኩ ሦስት ጊዜ ሳልጠይቃቸው አልቀረሁም። ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሳላይ ነው ይሉኛል። ያ መልስ እኔ ከጻፍኩት ጋር ይስማማል። መስማማቱ ግን እረፍት አልሰጠኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ለሥልጠና እንጅባራ ተጠራሁ። ዝናብ ነበረ፤ እንጅባራ መቼ ዝናብ ጠፍቶ ያውቃል። አዳራሹ ውስጥ ከየወረዳው የመጣን ባለሙያዎች ጃኬታችንን ሳናወልቅ ተቀመጥን። አሠልጣኙ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ ሲሙሌሽን የሚባል ነገር ግድግዳው ላይ አሳየን። አንድ ጤና ጣቢያ በሥዕል ይታያል፤ ክፍሎቹ፣ ሳጥኖቹ፣ ማቃጠያው። በቀን ስንት መርፌ ይወጋል፣ ሳጥኑ መቼ ይለወጣል፣ በሳምንት ስንት ቀን ይቃጠላል የሚለውን ስትነግሩት፣ የአንድ ወር ሥራ በአንድ ደቂቃ እያስኬደ ቆሻሻው የት እንደሚከማች ያሳያል። ሰው ሳይጎዳ፣ መርፌ ሳይባክን ስህተቱን አስቀድሞ ማየት ይቻላል አለን።

የየራሳችንን ቁጥር እንድናስገባ ተጠየቅን። እኔ ከሪፖርቴ ላይ አነበብኩለት። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ በአዲስ ይለወጣል፤ የተዘጋው በሁለት ቀን ውስጥ ይቃጠላል። ፕሮግራሙ ዞረ። ችግር ያለበትን ቦታ በቀይ የሚያሳየው ሥዕል አንዲት ቀይ ነጥብ ሳያወጣ ወሩን ጨረሰ። አሠልጣኙ የእናንተ ጤና ጣቢያ ለሌሎቹ አርአያ ነው አለ። አጠገቤ የተቀመጡት አጨበጨቡ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ለሻይ ስንወጣ ተከተልኩትና ሰው ተወግቶብኛል አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ የደብዳቤውን ነገር ግን አልነገርኩትም። ሻዩን እያማሰለ እንዲህ አለኝ፦ «ማሽኑ የሚያውቀው የነገርሽውን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ የነገርሽው መሆን የሚገባውን ነው።»

ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር ሳይሆን በሰው እንድንሠራው መከረኝ። ስሪንጆቹን ቀለም ባለው ውሃ ሙሏቸው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ሥራ እንደ ወትሮው ይሥራ፤ ቀለሙ የደረሰበትን ሁሉ ጻፊ፤ ምንም ብታይ ግን አታርሚ፣ ካረምሽ የምታይው ራስሽን ነው አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ከሰል ለመጫን ሁለት ቦታ ቆመ። ወርጄ አስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ረዳቱ፣ እህቴ መኪናው አይጥልሽም፣ ግቢ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ የማስመሰያ ልምምድ እናድርግ ስል ኃላፊያችን አልወደደውም። ተቆጣጣሪ ሳይመጣ ለማን ነው የምናሳየው? አለ። ነርሱ ጣራውን ያይ ነበር። እትዬ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ በስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም።

«ማስመሰልማ እናውቅበት የለ» አሉ ቀስ ብለው። «ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ምን ስንሠራ ነው የምንውለው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። ግን እውነት ስለነበረ አልከለከለም። እኔም ተነሥቼ፣ ይሄኛው የተገላቢጦሽ ነው፣ የማንደብቅበት ነው፣ ማንም በሚያሳየው ነገር አይቀጣም አልኩ። የመጨረሻውን ቃል ስናገር እትዬ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ረቡዕ የገበያ ቀን ስለሆነ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሽተኛ ሲቀንስ፣ ጀመርን። ጂቪ የምንለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት በውሃ በጥብጬ፣ ንጹሕ ስሪንጆች ውስጥ ሞላሁ። ሳጥኑን ጠዋት እንደተሠራበት ለማስመሰል ጊዜያቸው ባለፈ፣ መርፌ በሌላቸው ስሪንጆች ግማሽ ድረስ ሞላነው። በሽተኛ የሆኑት የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ አዋላጇ፣ ፋርማሲስቱና ዘበኛው ናቸው። ክንዳቸው እንዳይወጋ ለእያንዳንዳቸው ድንች ሰጠኋቸው። ድንቻቸውን ይዘው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ ሁሉም ሳቀ። ነርሱ ድንቹን እየወጋ ቀጣይ ይላል፤ እነሱ በአንዱ በር ወጥተው በሌላው ተመልሰው ይሰለፋሉ። ዘበኛው ስድስተኛው ዙር ላይ ድንቼ ድኗል አለ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሰልፉ ሲፈጥን ነርሱ የተጠቀመበትን መርፌ ክዳኑን መልሶ መክደን ጀመረ፤ ክዳን እንዳይመለስ ሁላችንም ተምረናል። ሳጥኑ ሲሞላ በሁለት ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋው። ከዚያም በመዳፉ ተጫነው። ጣቱ ሐምራዊ ሆነ፤ በዚያው ጣቱ የካርዱን ወረቀት ገለበጠ፣ የመሳቢያውን እጀታ ሳበ። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ እጽፋለሁ። ተው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ኋላ እትዬ ተጠሩ። ወፍራም ጓንታቸውን አድርገው ገቡ። ሳጥኑን አንሥተው ትንሽ ነቀነቁት፤ ውስጡ ያለው ወረድ እንዲል ነው። እንደገና ለነርሱ አስቀመጡለት። እሱም ሌላ አሥር ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ወደ ማቃጠያው የሚወስዱት መስሎኝ ነበር። ከማቃጠያው አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ አሉና የሳጥኑን አፍ ቀድደው፣ ባልዲ ላይ ገልብጠው ያራግፉት ጀመር። ካርቶኑ በእርጥበት ላልቷል። ከሥሩ፣ በማዕዘኑ በኩል፣ አንድ መርፌ ካርቶኑን በስቶ ወጥቶ ነበር፤ ልክ የግራ እጃቸው አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ። በዚህኛው ቀን ጣታቸውን አርቀው ነው የያዙት። ባዶውን ሳጥን አፉን አጥፈው፣ በፕላስተር አሽገው፣ ይዘው ተነሡና መርፌ ክፍል ቦታው ላይ መለሱት።

የበሩ እጀታ ላይ፣ የእትዬ ሽርጥ ላይ፣ የእጅ መታጠቢያው በርሜል ቧንቧ ላይ ሐምራዊ ቀለም ነበር።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ሳጥኑን ለምን መለሱት?»

«ሌላ ስለሌለ ነዋ።»

«መጋዘን ውስጥ አለ እኮ።»

«አለ። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ፋሲካ ሰሞን ስጠይቅሽ ያለውን አብቃቁ አልሽኝ። አብቃቃሁ።»

ነርሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። እሱም እንደሚያውቅ ገባኝ። ሁሉም ያውቃሉ። ሁለት እስር ሳጥን፣ ተጣጥፎ፣ ከነገመዱ መጋዘን ውስጥ ነበረ። ባለፈው ዓመት ሳጥን አልቆብኝ ተቆጣጣሪ ፊት ተወቅሼ ስለነበር ሁለተኛ እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው የቆለፍኩት። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ቁልፉን ይዤ አዳዲሶቹን አወጣለሁ፤ ሲሄዱ ያልተነኩትን መልሼ እቆልፋለሁ። አብቃቁ ያልኳቸውን ግን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ የሚረሳው ተናጋሪው ነው።

ቁልፉን አውጥቼ መጋዘኑን ከፈትኩና ለነርሱ ሰጠሁት። ከዚያ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ደብዳቤው ይስተካከል አልኩ። የሄደ ደብዳቤ አይመለስም አለኝ። ሰኞ ራሴ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ በረንዳው ላይ ግማሽ ቀን ቆየሁ። ያገኙኝ ሰው ነገሩ ያለቀ ነው፣ ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ ነው ያሉኝ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ምክንያቱ የሳጥን እጥረት መሆኑን፣ እጥረቱንም የፈጠርኩት እኔ መሆኔን ገለጽኩ። ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ወረቀት መያዣ አያያዙት። ማንም ያነበበው አይመስለኝም።

ያ ሁሉ ሲሆን ለእትዬ አልነገርኳቸውም ነበር። የመድኃኒቱ የመጨረሻ ቀን ላይ፣ ክኒኑን ከዋጡ በኋላ፣ በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው። በእርስዎ ላይ የጥንቃቄ ጉድለት ብዬ ጽፌ ነበር አልኩ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «የካርድ ክፍሏ ልጅ በሳምንቱ አንብባልኛለች።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መድኃኒቱ መሳቢያሽ ውስጥ ነበራ።»

በጥላቻ አይደለም የተናገሩት፤ የቀኑን ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው። ያን ያህል ቀን ፊቴ ቆመው ውሃ ሲጠጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሲሉኝ፣ የጻፍኩትን ያውቁ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ ብለው ባዶውን ጠርሙስ ጠየቁኝ፤ ማቃጠያው ውስጥ ራሴ ልጣለው አሉ። ይዘውት ሄዱ።

የስድስት ሳምንቱ ምርመራ ነጻ ሆነ። እሱ ግን መጨረሻው አይደለምና እስከ ሦስት ወር ያለው ጊዜ ከፊተኛው ባሰብኝ። እሳቸው ይሠራሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ። በመሀሉ አሠልጣኙ ለሌላ ሥልጠና እንጅባራ ሲመለስ ዘንዱ ሄጄ እውነተኛውን ቁጥር አስገባን። ሥዕሉ በገበያ ማግሥት ቀይ ለበሰ። የገበያው ዕለት የሞላው ሳይቃጠል፣ ማገዶው ረጥቦ፣ የማግሥቱ ይደረብበታል፤ እትዬ የተወጉት ሐሙስ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። ማታ ማታ ማገዶው ቆርቆሮ ሥር እንዲገባ፣ ሳጥኖቹ ከገበያ በፊት ከመጋዘን እንዲወጡ፣ ማቃጠያው በገበያ ማግሥት ጠዋት እንዲነድ አደረግን። ሳጥኖቹም የፈራሁት አልቀረም፣ ሩብ ዓመቱ ሳያልቅ አለቁ። ወፍራም የዘይት ጀሪካን አፉን አጥብበን መጠቀም ጀመርን። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ይህ ደረጃውን የጠበቀ አይደለም ሲሉ፣ ኃላፊያችን ከካርቶን ውስጥ መርፌ ከማራገፍ ይሻላል ብሎ መለሰላቸው። በሪፖርቱ ላይም እንዲያ ብዬ ጻፍኩት፤ ነጥባችን ወረደ።

በሦስተኛው ወር እንደገና ዳንግላ ወረድን። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታል በጋሪ ሄድን፤ ፈረሱ በጭቃው ውስጥ ቀስ ይል ነበር፤ እኔ ወርጄ በእግሬ ልቅደም ብል እትዬ እጄን ያዙኝ። ውጤቱን የምትነግረን ነርስ ሌላ ሰው ጋ ገብታ ስለነበር ረዥም ጊዜ ጠበቅን። እኔ ኮሪደሩን ስለካ እሳቸው አግዳሚው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የሚጸልዩ መሰለኝ፤ ኋላ ሳይ እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሯል። ነጻ ነዎት ስትላቸው ወረቀት ይሰጠኛል ወይ ብለው ጠየቁ። ወረቀቱን ተቀብለው እኔን አስነበቡኝ፣ ከዚያ ነርሷን አስነበቧት። ስንወጣ ዛሬ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ አሉ። ምን ይሉዎታል ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሦስት ወር ብቻሽን ለምን ተሸከምሽው ብሎ ይቆጣኛል አሉ። እንዳሉትም ተቆጥተዋቸው ሁለት ቀን አላነጋገሯቸውም።

ከዚያ በኋላ እትዬ መርፌ ክፍል አልገባም ብለው ለኃላፊው ተናገሩ። ግቢውን መጥረግና ልብስ ማጠቡን ወሰዱ። አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ተቀጠረች፤ ከጥሊሊ በኩል የመጣች፣ አማርኛዋ ሰበር ሰበር የሚል ወጣት ሴት። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዳችን ቀለሙን በጥብጠን ልምምዱን ልናስጀምራት ስንል፣ የማሳያት እኔ ነኝ ያሉት እትዬ ናቸው። በልጅቷ ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ ብዙ ነገሯት። ልጅቷ ሳጥኑን ይዛ ቆማ እኔን ታያለች፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ። እትዬ ዞር ብለው አዩኝና፣ እኔም እንድሰማው ነው መሰል፣ በአማርኛ ተናገሩ፦

«አንቺ ትንሽ ውጪ። እሷ እያየችሽ የሚሠራውን ሳይሆን የሚወደደውን ነው የምትሠራው።»

ወረቀቱን ለነርሱ ሰጥቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ዝናቡ አቁሞ ነበር። ከበሩ እስከ ማቃጠያው፣ ከማቃጠያው እስከ በሩ ስመላለስ፣ ከውስጥ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ የሚሉት ግን አይገባኝም። እስኪጠሩኝ ድረስ አልገባሁም።